ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተጋባዥ እንግዳ ስንጠራ

ደሴ ውስጥ አንድን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ብንጠይቀው መልሱ በአብዛኛው ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አብራሪ ነው። ይህ የሚሆነው ምኞቱ አንሶ ሳይሆን፣ በቤቱና በትምህርት ቤቱ መካከል ሲመላለስ በቅርብ የሚያውቃቸው ሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ ያገኛል፤ ከአጥሩ በስተጀርባ ማን ምን እንደሚሠራ ግን የነገረው ሰው የለም። ተጋባዥ እንግዳ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ከስሕተቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ስጋብዝ የአራቱንም ክፍል ተማሪዎች በሰልፍ ሜዳ ላይ ሰበሰብን፤ ድምፅ ማጉያው ይቆራረጥ ነበር፤ እንግዳውም ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ጽናትና ስለ ስኬት ተናገሩ። ተማሪዎቹ በፀሐይ ተቀምጠው አጨበጨቡ። ወደ ክፍል ስንመለስ አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «መምህር፣ ሰውዬው ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠሩት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቅም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥም አልተነገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ስጋብዝ የማስቀድመው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከእንግዳው ሳይሆን ከተማሪዎቹ ይጀምር። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር ስም የማይጻፍበት ብጣሽ ወረቀት አድሎ፣ ተማሪዎች በመንገድ ሲያልፉ የሚያዩትን ነገር ግን ምንነቱን የማያውቁትን አንድ ሥራ እንዲጽፉ ይጠይቅ። «ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመጣው የተለመደው መልስ ነው፤ «ምን አይታችሁ አልገባችሁም?» ሲባሉ ግን ስለ ጉምሩክ አስተላላፊ፣ ስለ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ በመንገድ ዳር ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ ስለሚለካ ቀያሽ ይጽፋሉ።

እንግዳ ስንመርጥ ስመ ጥር ሰው መፈለግ የለብንም፤ የቅርብ ሰው ይበልጣል እላለሁ። ለምሳሌ ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተትም የነዋሪዎቿ የቆየ ስጋት ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሥነ ምድር መምህር ተጋብዞ፣ የክረምቱ ዝናብ ወደ ላላው አፈር ሲሰርግ አፈሩ እንዴት እንደሚከብድና ሥር ያለው የመያዝ ኃይል እንዴት እንደሚዳከም ቢያስረዳ፣ የቤታቸው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ያዩ ልጆች ትምህርቱን ከኑሯቸው ጋር ወዲያው ያገናኙታል፤ ፊዚክስና ጂኦግራፊ የእንጀራ ሙያ እንደሚሆኑም ያያሉ። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም የሙዚቃ ባለሙያ መጥቶ ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የሚጋሩት ከራሳቸው ከወሎ ቦታዎች ጋር መሆኑን እያነሣ፣ ልዩነታቸውን በክራር ቢያሰማ ከብዙ ገለጻ ይሻላል። ከእንግዶቹ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ አስቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል፤ በአጋጣሚ ከተተወ አይሆንም።

ጥሪው በቃል ብቻ አይቅር። የፋብሪካ ወይም የሆስፒታል ሠራተኛ ከሥራ ገበታው ለመነሣት የአለቃውን ፈቃድ ስለሚፈልግ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ይጻፍ፤ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰውም የመጓጓዣው ወጪ ከየት እንደሚሸፈን ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድሞ ይወሰን። ቀን ሲቆረጥ የዓርብ የጁምዓ ሰዓትና የጾም ወራት ይታሰቡ፤ ነጋዴ ከተጋበዘ ደግሞ የገበያ ቀኑ ይለፍ። ለ12ኛ ክፍል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልባቸው ሁሉ ፈተናው ላይ ነው።

ከደብዳቤው ጋር የሚላኩት ጥያቄዎች የዝግጅቱ ዋና አካል ናቸው። እንግዳው የትናንት የሥራ ቀኑን ከመግቢያ እስከ መውጫ ሰዓት እንዲተርክ፣ ከትምህርት ቤት የተማረው የቱ እስካሁን እንደሚጠቅመው፣ ሥራ ላይ የሠራውን አንድ ስሕተትና ያረመበትን መንገድ፣ እንዲሁም ወደ ሙያው የገባበትን በር እንዲነግር ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የብዙ ቤተሰብ ሐዘንም ከዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ የለም ከሚል እምነት የመጣ ነበር። በወይዘሮ ስሒን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይም በሌላ የቴክኒክና ሙያ ተቋም አልፎ ጥሩ ባለሙያ የሆነ ሰው መንገዱን ራሱ ሲናገር መስማት ከመምህር ምክር በላይ ያሳምናል።

በዕለቱ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ይሰብሰብ፤ እንግዳው ለ20 ደቂቃ ይናገር፤ የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ይዋል። እንግዳው መሣሪያውን፣ የሥራ ልብሱን ወይም የናሙና ጨርቅ ይዞ ቢመጣ ዝም የሚሉት ልጆች እንኳ ይናገራሉ። መምህሩ ከጎን ተቀምጦ ንግግሩ ወደ ስብከት ወይም ወደ ፖለቲካ ሲያዘነብል በጨዋነት ወደ ሥራው ይመልሰው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን የነካ በመሆኑ ከተማሪዎቹም ከእንግዶቹም ያልሻረ ቁስል ያለባቸው አሉ፤ ስለዚያ ጊዜ ማንም ሳይፈልግ እንዳይጠየቅ ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ሲጨረስ ቡና ይፈላ፤ ጥያቄ በሰው ፊት ለማንሣት ያፈሩ ተማሪዎች በዚያን ጊዜ ቀረብ ይላሉ። የእንግዳው ስልክ ግን በመምህሩ እጅ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግንኙነት ሁሉ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሁን። በሳምንቱ ተማሪዎች የምስጋና ደብዳቤ ሲጽፉ እያንዳንዳቸው ያልተመለሰላቸውን አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት። የእንግዳው መልስ ሲመጣ በክፍል ይነበብ፤ ጥያቄውም መልሱም በአንድ ደብተር ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዓመት የክፍል ኃላፊ መምህር ይተላለፍ።