የባዮሴንሰር ኤሌክትሮድን በኢምፒዳንስ እንዴት መለካት ይቻላል?

በባዮሴንሰር (ሕይወታዊ ሞለኪውል ተጠቅሞ ሌላ ንጥረ ነገርን በሚለይ መሣሪያ) ኤሌክትሮድ ገጽ ላይ አንቲቦዲ ወይም ዲኤንኤ በትክክል መለጠፉን ገጹን ሳይጎዱ ለማወቅ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ኤሌክትሮኬሚካል ኢምፒዳንስ ስፔክትሮስኮፒ ነው፤ ኢምፒዳንስ ማለት ለተለዋጭ ከረንት የሚደረግ ተቃውሞ ነው። ቮልቴጅን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ፖቴንሽዮስታቱ፣ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ አነስተኛ ተለዋጭ ቮልቴጅ እየሰጠ፣ የከረንቱን መጠንና ከቮልቴጁ ጋር ያለውን የፌዝ ልዩነት (የመቅደም ወይም የመዘግየት መጠን) ይመዘግባል።

በመጀመሪያ የግላሲ ካርበን ኤሌክትሮዱን በአሉሚና ዱቄት፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ 0.05 ማይክሮሜትር ድረስ፣ ያለሰልሱና በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ከኤሌክትሮዱ ጋር ኤሌክትሮን የሚለዋወጡት ፌሪሳያናይድና ፌሮሳያናይድ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊሞላር እንዲሆኑ አድርገው ያሟሙ። ሙሙቱን ከብርሃን ይከልሉት፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ስለሚችል አሲድ ፈጽሞ አይንካው።

ሦስቱን ኤሌክትሮዶች (የሚለካውን፣ ማጣቀሻውንና ረዳቱን) ካገናኙ በኋላ በሳይክሊክ ቮልታሜትሪ (ቮልቴጁን ወደ ላይና ወደ ታች እየወሰዱ ከረንቱን በመለካት) የሁለቱን የከረንት ጫፎች አማካይ ፖቴንሻል ፈልገው መለኪያውን እዚያ ላይ ያቁሙ። በማጣቀሻው ኤሌክትሮድ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ካለ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሐሰት ቀለበት ስለሚፈጥር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጫፉን ይመልከቱ።

ብዙ መለኪያ የሚበላሸው በቀጣዩ ደረጃ ነው። ዘዴው የሚሠራው ቮልቴጁ አነስተኛ ሲሆንና ገጹ በመለኪያው ጊዜ ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ነው። 10 ሚሊቮልት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሶፍትዌር ይህን ቁጥር እንደ አርኤምኤስ (የሞገዱ ውጤታማ አማካይ)፣ ሌላው እንደ ከፍታ ጫፍ (ከመካከል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ) ይቀበለዋል። 10 ሚሊቮልት አርኤምኤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሚሊቮልት ያህል ስለሚሆን፣ ሁለት መሣሪያዎችን የሚያነጻጽር ሰው ይህን ሳያጣራ መጀመር የለበትም። ፍሪኩዌንሲውን ከ100 ኪሎኸርዝ ወደ 0.1 ኸርዝ ያውርዱ። ወደ 0.01 ኸርዝ መውረድ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ እዚያ አንድ ዙር ብቻ 100 ሴኮንድ ስለሚወስድ፣ ፕሮቲኑ ገና እየተለጠፈ ከሆነ የተለካው የአንድ ገጽ ሳይሆን በየደቂቃው የሚለዋወጥ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ሳይነኩት ወዲያው ደግመው ይለኩ፤ ሁለቱ ኩርባዎች ካልተደራረቡ ይጠብቁ። የክራመርስ-ክሮኒግ ፍተሻም (የመለኪያው ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያጣራ ስሌት) ከድግሙ ጋር መሠራት ያለበት እንጂ የሚተካው አይደለም።

የናይኲስት ግራፉን (የኢምፒዳንሱን እውናዊና ምናባዊ ክፍሎች የሚያሳየውን) ሁለት ዘንጎች በእኩል ስኬል ይሳሉ፤ አለበለዚያ ትክክለኛው ግማሽ ክብ የተጨፈለቀ ይመስላል። የግማሽ ክቡ ግራ ጫፍ የሙሙቱን ሬዚስታንስ፣ ዲያሜትሩ የቻርጅ ዝውውሩን ሬዚስታንስ፣ የ45 ዲግሪው መስመር ደግሞ ስርጭትን ያሳያል። ኢላማው (ሴንሰሩ የሚፈልገው ሞለኪውል) ሲጣበቅ የፌሪሳያናይዱ መንገድ ስለሚዘጋ ዲያሜትሩ በአብዛኛው ያድጋል። ንጽጽሩ ከዚያው ኤሌክትሮድ የቀድሞ መለኪያ ጋር ይሁን፤ ከሌላ ኤሌክትሮድ ጋር የተነጻጸረ ለውጥ እምብዛም አያሳምንም።

ለፊቲንግ (ውጤቱን ከሰርኪዩት ሞዴል ጋር ለማጣጣም) በ1947 የቀረበው የራንድልስ ሰርኪዩት፣ ማለትም ገጹን በሬዚስተሮች፣ በካፓሲተርና በስርጭት ኤለመንት የሚወክለው ሞዴል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ገጹ ሻካራ ከሆነ ካፓሲተሩን በቋሚ ፌዝ ኤለመንት (ፍጹም ያልሆነ ካፓሲተርን በሚወክል) ይተኩ። ከዚያ በላይ የሚጨመር ኤለመንት ሁሉ ፊቲንጉን ስለሚያሳምር፣ ፊዚካዊ ትርጉሙን መናገር ካልቻሉ አይጨምሩት።

ቀለም የተቀባ ብረት ዝገት ለሚያጠኑ ሰዎች ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ፌሪሳያናይድ አለመጨመሩ፣ ፖቴንሻሉ ብረቱ ራሱ የሚይዘው መሆኑና የሽፋኑ ኢምፒዳንስ እጅግ ከፍተኛ ሊሆን ስለሚችል ሴሉ በፋራዳይ ሳጥን (የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻን በሚከላከል የብረት ሳጥን) ውስጥ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ነው።