ካርታው የወሰደውና እልህ የወሰደው

ቬጋስ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እረፍቴ ላይ፣ በ300 ዶላር ጀምሬ ባለ 1 እና 3 ዶላር ሆልደም (የፖከር ዓይነት ነው) ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ጨዋታው ከእኔ የተሻለ የሚያስተምራችሁ ሞልቷል። እኔ ገንዘብ በእልህ እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ትምህርቱን በደንብ ከፍዬበታለሁ።

የአንዱን ቀን ላውጋችሁ። ሁለት ኤስ መጣልኝ። ይሄ በ221 እጅ አንዴ ነው የሚገጥመው። ፊት ለፊቴ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ልጅ ሁለት ኪንግ ይዟል። ፍሎፑ፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ሳይወርድ ሁለታችንም ያለንን ሁሉ አስገባን። እንዲህ ሲሆን ኤስ የያዘው ከ100 ጊዜ 82ቱን ያሸንፋል። አራት ካርታ ወረደ፣ ኪንግ የለም። ከቀሩት 44 ካርታዎች ልጁን የሚያድኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ሪቨር፣ አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ካርታ፣ ላይ ኪንግ ዱብ አለ። ልጁ ጠረጴዛውን መታና ሳቀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ 300 ዶላሩ አይደለም ያናደደኝ። ሳቁ ነው። ሌላ የ300 ዶላር ቺፕስ፣ በገንዘብ ምትክ የሚጫወቱበትን፣ ገዛሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ 300። 40 ደቂቃ ሳይሞላ 9 እና 6፣ ደካማ ካርታ፣ ይዤ ከዚያው ልጅ ጋር እታገላለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው እንዲህ ነው። 900 ዶላር ከስሬ ወጣሁ። ካርታው የወሰደው 300ውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ።

የባንክ ካርዴ ካዚኖ አይገባም። ቤት ይቀራል። ሁለት ጊዜ መግዣ፣ 600 ዶላር፣ በጥሬው እይዛለሁ፤ ካለቀ አለቀ። የቤት ኪራይ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ይሄ ጽሑፍ ለእሱ አይሆንም፣ ቤቱ ይሂድ። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታም አልቀመጥም። ያልተኛ ሰው ቶሎ ይናደዳል።

ሁለተኛው፣ የገዛ ሰውነታችሁን እወቁ። ፖከር ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ነገር፣ ተናዶ በእልህ መጫወት፣ መጀመሪያ የሚታየው ሰውነት ላይ ነው። እኔን ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ቺፕሴን ደጋግሜ እደረድራለሁ፣ እግሬ ከጠረጴዛው ስር አያርፍም። ጓደኛዬ ደግሞ ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ካለ ነገር አለ። ምልክቱን ሳይ ተነስቼ እሄዳለሁ። ቺፕሱ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፣ ማንም አይነካውም። ዘጠኝ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተራ ለሁሉም አንዴ እስኪዳረስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስመለስ ያመለጠኝን ብላይንድ፣ ካርታ ሳይታይ በተራ በግዴታ የሚገባውን 1 እና 3 ዶላር፣ እከፍላለሁ፤ 4 ዶላር ነው። ከ300 ዶላር ይሻላል። ውጭ ወጥቼ ቡና እጠጣለሁ፣ ወይ እናቴ ጋ እደውላለሁ። እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፣ ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ሰው ትልቅ ገንዘብ ሲያስገባባችሁ «ሊያታልለኝ ነው፣ አይበላኝም» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያኔ ሰውየውን በሐሳባችሁ ከወንበሩ አንሱት። ያቺው ገንዘብ፣ በዚያው ካርታ ላይ፣ ጥግ ከተቀመጡት ዝምተኛ ሽማግሌ ብትመጣ ትከፍላላችሁ? እሳቸውን ብታምኗቸው ኖሮ ካርታችሁን ጣሉ። እኔን ይሄ ጥያቄ ከማንኛውም ስሌት በላይ ጠቅሞኛል። የዚያን ቀን 9 እና 6 ይዤ የታገልኩት ከካርታው ጋር አልነበረም፣ ከኮፍያው ጋር ነው።

ደካማ ተጫዋች አትሳደቡ፣ ለማስተማርም አትሞክሩ። በመጥፎ ካርታ ከፍሎ ዕድል የቀናው ሰው ነገም በመጥፎ ካርታ ይከፍላል፣ ያኔ የምትበሉት እናንተ ናችሁ። ካሸማቀቃችሁት ወይ ይነሳል ወይ ይጠነቀቃል። ፊል ሄልሙዝን አይታችሁም አትሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ24 ዓመቱ የዓለም ፖከር ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ ሲሸነፍ የሚያሰማው ጩኸትም ስም አውጥቶለታል። ጠረጴዛችን ላይ ጩኸቱን የሚኮርጅ ብዙ ነው። ጥሩ የሚመስል ካርታ ሲጥል አይቶ የሚኮርጀው ግን አላጋጠመኝም።

ማሸነፍም ያሰክራል። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆመን «ትናንት 1,000 በላሁ» የሚል ሾፌር አይጠፋም። ያንን ያወራ ቀን ማታውን ተመልሶ ይሄዳል፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

መኪናዬን ሳላስነሳ ትንሽ ደብተር አወጣለሁ። ሁለት ዓምድ አለው፦ ካርታ፣ እልህ። የከሰርኩትን እከፋፍላለሁ፣ ሳልዋሽ። በዚያ ልጅ ቀን ካርታ 300፣ እልህ 600 ይላል። ባለፈው ወር በጠቅላላው ካርታ 420፣ እልህ 85። 85ቷም አንዲት ሴትዮ «ፈራህ እንዴ?» ስላለችኝ ነው።