በጥቅምት ብርድ የሐይቅን ቆሮሶ እንዴት አገኘሁት

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጠና ወሎ ውስጥ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) መንጠቆ እንቢ ይላል። ማልደን መንጠቆ ጥለን ባዶ እጃችንን የምንመለስ ብዙ ነን፤ እኔን የሠራልኝን ልንገራችሁ።

ቆሮሶ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተጨምሮበት የተራባ፣ ሙቀት ወዳድ ዓሣ ነው። ስለዚህ ንጋቱን ተውኩት። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ዳር ዳሩን ስታሞቀው፣ ነፋስ የማይነካው የደንገል ጥግ ያዝኩ። ውኃው ጉልበት በሚደርስበት፣ አሸዋው እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ከተጎደጎደ የወንዱ ጎጆ ነው፤ ዓሣው ከዚያ አይርቅም። ሴቷ ግን እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አፏ ሞልቶ ከወጣች እባካችሁ ቶሎ መልሷት።

ሌላው መንጠቆው ነው። የቆሮሶ አፍ ጠባብ ስለሆነ የአምባዛው ትልቅ መንጠቆ አይሆንም። ትንሿን መንጠቆ በትል ቁራጭ እስከ ጫፏ ሸፈንኳትና ከላይ ቡሽ አሰርኩ። ቡሹ ስምጥ እስኪል አትጠብቁ፤ ቆሮሶ ሲነካው ትንሽ ተንቀጥቅጦ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ክሩን ሳብ ማድረግ ነው፣ ሳይቸኩሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ የቡሹን እንቅስቃሴ ስለሚሸፍነው እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ እመለሳለሁ።