ሃርድ ዲስክ በሬይድ ስትገጥሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥፋት ለሦስተኛ ጊዜ ስላጋጠመኝ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ጥፋቱ በሬይድ (RAID)፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ በሚያሠራው ዘዴ፣ ዲስኮቹን ምልክት ሳያደርጉ መግጠም ነው። ጎን ለጎን የተሰኩ አራት ሃርድ ዲስኮች መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ሲሞት ማሽኑ «ዲስክ 2 ተበላሽቷል» ይላል። የትኛው ነው እሱ? ከላይ ሲቆጠር ነው ወይስ ከታች? ቁጥሩ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ «ዲስክ 2» የተባለው ሦስተኛው ነው። ኬብሎቹ ተሻግረው ከተሰኩማ ግምት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሕርማታ አካባቢ በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ የሆነው ይኸው ነው። ሦስት ዲስኮች በሬይድ 5 ተገጥመዋል። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል፤ የሁለት ግን አይችልም። ለጥገና የተላከው ልጅ የሞተውን ትቶ ደህናውን ነቀለ። እዚያው ላይ እጁን ሰብስቦ ሰው ቢጠራ መረጃው የመዳን ዕድል ነበረው። ደንግጦ ግን «አዲስ ሬይድ ይፈጠር?» የሚለውን ጥያቄ እሺ አለ። እኔ ስደርስ ሁለት ጸሐፊዎች የግዢ ደረሰኞችን ከማዳበሪያ ከረጢት እያወጡ እንደ አዲስ ይመዘግባሉ፤ ልጁ ጥግ ይዞ ቆሟል። እሱን አልተቆጣሁትም። የተቆጣሁት መጀመሪያ ያለ ምልክት በገጠመው ባለሙያ ነው።

እባካችሁ፣ ከመግጠማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር ቢያንስ የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላትና አኃዞች በማይለቅ ማርከር መያዣው ላይ ጻፉ። ኬብሉ ላይም የተሰካበትን የማዘርቦርድ መሰኪያ ቁጥር ጻፉ። እኔም ቀድሞ በወረቀት ፕላስተር እለጥፍ ነበር፤ የጅማ ክረምት እርጥበት ሁለቱን አላቆ ከኬዙ ሥር ጣላቸውና ዲስኮቹን ስለይ አደርሁ።

ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ከባለ 2 ጋር አትቀላቅሉ፤ ሬይዱ የሚሠራው በትንሹ ልክ ነው። የእያንዳንዱን ዲስክ ብሎኖች አራቱንም እሰሩ።

ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል። አምስቱን በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ኬብል ላይ አትደርድሩ፤ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ አይቻለሁ።

ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ መብረቅም አንዱን መርጦ አይመታም። ቅጂው ከማሽኑ ውጭ፣ ቢቻል ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ስትገዙ ደግሞ ሲኤምአር (CMR) የተባለውን፣ መረጃ የሚጻፍባቸው መስመሮች ያልተደራረቡበትን ዓይነት ጠይቁ። ኤስኤምአር (SMR) የሚባለው መስመሮቹ የተደራረቡ ስለሆኑ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቶቹም እንደገና ይጻፋሉ፤ ስለዚህ የሞተ ዲስክ ተተክቶ ሬይዱ እንደገና ሲገነባ ሥራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።