የልብስ ማጠቢያ ማሽን መቀየር ካሰባችሁ ከብራንዱ በፊት ቤታችሁን እዩ

ማሽን የሞተበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "የማይበላሸው የቱ ብራንድ ነው?" እኔም የእማዬ ማሽን ሲሞት እሱኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ስም ነገረኝ፣ በስንት ጭቅጭቅ አንዱን መርጬ ገዛሁ፣ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም በሰው ትከሻ አስወጣሁት፣ ተገጠመ፣ ተነካ፣ ከዛ ቲት ቲት ቲት ብሎ ውሃ የለም አለኝ። ቧንቧውን ስከፍተው ውሃ አለ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ቤቱ ጋ ነበር። እሱን ለማስተካከል ወር ሙሉ ስለተንገላታሁ እናንተ እንዳትንገላቱ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ የማወራው የአዲስ አበባን ቤት አስቤ ነው።

1. መጀመሪያ የድሮው በእርግጥ ሞቷል ወይ?

ብዙ ማሽን ሳይሞት ነው የሚቀበረው። ውሃ አልወጣ ካለው ከፊት ታች በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈቱና የፓምፑን ማጣሪያ አውጡ (ስር ሳፋ አድርጉ፣ ውሃ ይፈሳል)፣ ሳንቲም፣ የፀጉር ጌጥ፣ የህፃን ካልሲ ታገኛላችሁ። ውሃ አልገባ ካለው ደግሞ ከጀርባ የውሃው ቱቦ የሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፣ ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ቀይ አፈር እዛ ነው የሚጠራቀመው፣ በፒንሳ ስባችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዱት።

ጎረቤታችን ማሽኗ ውሃ እየሞላ እየደፋ ሮቶዋን ጨረሰባት፣ አዲስ ግዢ ተብላ ሱቅ መዞር ጀምራ ነበር። ሄጄ ሳየው የቆሻሻ ውሃ ቱቦው ወለል ላይ ተጋድሟል። የቱቦው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፣ መሬት ላይ ከተጣለ የገባው ውሃ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ማሽኑ ደግሞ ጎደለ ብሎ እንደገና ይሞላል። በገመድ ከፍ አድርገን አሰርነው፣ አለቀ።

ሲያሽከረክር ግን ወፍጮ ቤት የሚመስል ድምፅ ካለው ኩሽኔታው ሄዷል ማለት ነው። የእማዬ እንደዛ ነበር። የጠራነው ሰራተኛ ከኋላ ፈቶ አየውና "ማዘር ይሄ እኮ ታንኩ የተበየደ ነው፣ ኩሽኔታውን ብቻ ማውጣት አይቻልም" አላት። እውነቱን ነው፣ አሁን አሁን ብዙ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ከበሮው ያለበት የፕላስቲክ ታንክ ሁለት ግማሽ ሆኖ ተበይዶ ነው የሚመጣው፣ በብሎን የታሰረ ከሆነ ተፈቶ ኩሽኔታውና ሲሉ (ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ) ይቀየራል፣ የተበየደ ከሆነ ግን ታንኩን ከነከበሮው ካልገዛችሁ አይሆንም፣ ያ ደግሞ ከተገኘ ዋጋው ወደ ማሽኑ ይጠጋል። ይህችን ያዟት፣ ሱቅ ስትሄዱ ትጠቅማችኋለች።

2. የውሃችሁን ጉልበት ለኩ

እኔን የጣለኝ እዚህ ጋ ነው። አውቶማቲክ ማሽን ውሃ መኖሩ ብቻ አይበቃውም፣ ግፊት ይፈልጋል። ማኑዋሉ ላይ ስንት እንደሚፈልግ ተፅፏል፣ ብዙዎቹ ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይላሉ (በሜጋፓስካል የተፃፈ ከሆነ በ10 አባዙት፣ 0.05 ካለ 0.5 ባር ነው)። አሁን ሮቷችሁ የት እንዳለ አስቡ። ውሃ በራሱ ክብደት የሚሰጠው ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሮቶው ጣሪያ ላይ ሆኖ ምድር ቤት የሚኖር ሰው ከበቂ በላይ አለው፣ የመጨረሻ ፎቅ ያለው ግን ሮቶው ከራሱ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል 0.2 ባር ነው የሚያገኘው። እኛ ሮቶው ከራሳችን በላይ ስለሆነ ተመችቶናል ብለን እናስብ ነበር፣ ለካ ለማሽን ከሆነ መጥፎው ቦታ እሱ ነው።

የግፊት መለኪያ ከሌላችሁ ማሽኑ በሚገጠምበት ቧንቧ 10 ሊትር ባልዲ ሙሉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አውቶማቲክ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፣ ወይ ከሮቶው መውጫ ላይ ራሱ የሚነሳና የሚጠፋ ትንሽ ፕሬዠር ፓምፕ አስገቡ (እኛ መጨረሻ ላይ ያደረግነው ይሄን ነው)፣ ወይ ውሃ በባልዲ የሚሞላለትን ባለ ሁለት ጎድጓዳ ግዙ። ሙከራውን ደግሞ የመንግስት ውሃ በሚመጣበት ቀን ሳይሆን በሮቶ ቀን አድርጉት፣ ፈረቃ ያለበት ሰፈር ላይ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው የሮቶውን ነው።

መጠኑንም አስሉ። ባለ 7 ኪሎ ከፊት የሚከፈት አንድ እጥበት ላይ ከ45 እስከ 60 ሊትር አካባቢ ይጠጣል፣ ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ሮቶው 500 ሊትር ሆኖ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ የሚመጣው ልዩነቱ ይገባችኋል።

3. መብራቱ

እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ በወረቀት ላይ። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ሬዚስታንሱ ብቻ 2000 ዋት ገደማ ነው፣ ወደ 9 አምፔር መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ከተሰካበት ቀጭን ማራዘሚያ ላይ አትሰኩት፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ ቀልጦም አይቻለሁ። ለብቻው ብሬከር ያለው ሶኬት ይሁን፣ ኧርዝ ደግሞ የግድ ነው፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ነው የምትነኩት።

ሄዶ የሚመጣው መብራት የሚገድለው ቦርዱን (ማሽኑን የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክስ) ነው። ስታቢላይዘር ከገዛችሁ የፍሪጁ ትንሿ አትበቃም፣ ለሚያሞቅ ማሽን ቢያንስ ባለ 3000 ቪኤ (VA) ይሁን። ስታቢላይዘር ባይኖርም መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ የመንቀል ልማድ ይኑራችሁ፣ ሲመጣም ትንሽ ቆዩና ሰኩት።

4. አሁን የትኛው አይነት

ባለ ሁለት ጎድጓዳ (አንዱ የሚያጥብ አንዱ የሚጨምቅ)፦ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ አልንቀውም። ውሃ በባልዲ ይሞላለታል፣ ቦርድ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሞተርና ሁለት ሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ማንም የሰፈር ሰራተኛ ይሰራዋል። ክፋቱ አጠገቡ መቆም አለባችሁ፣ ልብሱንም ከዚህ ወደዛ ማሸጋገር። ውሃ በማይታመንበት ቤት ግን አስተማማኝ የሚባለው እሱ ነው።

ከላይ የሚከፈት አውቶማቲክ ፈጣን ነው፣ ወገብ የሚያማት እናት ያለችበት ቤት ማጎንበስ የለም፣ ውሃ ግን ያባክናል፣ ብዙዎቹም ውሃ አያሞቁም።

ከፊት የሚከፈተው በደንብ ያጥባል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይጨምቃል። በደቂቃ 1200 ወይም 1400 ዙር የሚዞር ከሆነ ልብሱ ሲወጣ ሊደርቅ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረንዳ ላይ ሶስት ቀን ተሰቅሎ የሸተተ ፎጣ ያላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን ግፊት ይፈልጋል፣ አረፋ አይወድም፣ በእጅ የሚታጠብበትን ኦሞ ከጨመራችሁበት አረፋው ሞልቶ ያስቆመዋል፣ ለአውቶማቲክ የተባለውን ነው የምትገዙት።

ኪሎው ላይ አትሸወዱ፣ 7 ኪሎ ማለት የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። እናንተ ትልቁን ጋቢና ትልቁን ብርድ ልብስ አስቡ። ሚዛን ላይ ጋቢውን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዛ ያለ ጋቢው፣ ልዩነቱን ፃፉት። ዋናው ግን ቦታ ነው፣ ብርድ ልብሱ ከበሮው ውስጥ ገብቶ ከላዩ እጃችሁን የሚያስገባ ክፍተት ካልቀረ አይገላበጥም፣ አንድ ጎን ተጠቅልሎ ሲጨምቅ ማሽኑን ከቦታው ያስነሳዋል፣ ኩሽኔታ የሚጨርሰውም ይሄ ነው። እኔ ለአራት አምስት ሰው ቤት 8 ኪሎ እላለሁ።

5. ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሰራተኛውን ጥሩት

የሰፈራችሁ ማሽን ጠጋኝ ጋ ደውሉና "የቱ ጥሩ ነው" አትበሉት፣ "የቱ መለዋወጫ ይገኛል" በሉት። እኔ እንደዛ ስጠይቀው ሳያስብ ነው የመለሰልኝ፣ ፓምፑና የውሃ ቫልቩ መርካቶ በቀላሉ የሚገኝለትን፣ የበሩ ጎማ ከውጭ ካልመጣ የማይገኘውን፣ አንድ በአንድ። ለእሱ ሻይ መጋበዝ ከሁሉም ሪቪው ይበልጣል።

ሱቅ ላይ "10 ዓመት ጋራንቲ" የሚል ትልቅ ስቲከር ታያላችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቶሎ አይሞትም፣ የሚሞቱት ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ የበር ቁልፍ፣ ቦርድና ኩሽኔታ ናቸው። ኢንቨርተር ሞተር ካርቦን (እየተበላ የሚቀየረው የሞተር ብሩሽ) የለውም፣ ድምፁም ያንሳል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ኢንቨርተሩ ራሱ ቦርድ ነው፣ መብራታችሁ የሚዘል ከሆነ ካርቦንና ቺንጋ ያለው የድሮ አይነት በትንሽ ብር ይጠገናል። ሻጩን ታንኩ በብሎን ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ አያውቅም፣ ስለዚህ ይሄንንም ሰራተኛውን ጠይቁ። የሚሽከረከር ማብሪያ ያለው ከሙሉ ታች ስክሪኑ ይሻላል፣ እናቴ ስክሪኑን በእርጥብ ጣት እየነካች ስትጨቃጨቅ ማየት ነበረባችሁ።

ዋጋውን ሶስት ቦታ ሳትጠይቁ አትክፈሉ፣ ደረሰኙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ይፃፍ።

6. ያገለገለ ወይ ከውጭ የመጣ ከሆነ

ከአሜሪካ ዘመድ በኮንቴይነር ልላክላችሁ ካለ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን አይቀይርም። ከዱባይ ከሆነ እንደኛው 50 ኸርዝ ነው፣ የስፒናው ጥርስ ብቻ ነው የሚለየው። ሳውዲ ግን 60 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ከጅዳ ወይ ከሪያድ የሚያመጣ ሰው ከጀርባ ያለውን ስቲከር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ "50/60" ካለ ችግር የለም፣ 60 ብቻ ካለ ይቅር።

ያገለገለ ስታዩ ከበሮውን በእጃችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ከዛ ከላይ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ከበሮው ከታንኩ ጋር አብሮ ከተነሳ ደህና ነው፣ ለብቻው ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። የኋላ ክዳኑ ይከፈትና ከትልቁ ጎማ መዘውር ስር ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ካለ ሲሉ ውሃ አሳልፏል፣ ጥላችሁ ሂዱ። "አሁን መብራት የለም፣ ግን ይሰራል" ለሚል ሻጭ መብራት ሲመጣ እንመጣለን በሉት።

7. ሲገባ

ከፊት የሚከፈት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 60 ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ ይለያያል። የመታጠቢያ ቤታችሁን በርና የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለኩ፣ ከፊት የሚከፈተው ለማመጣጠኛ ሲሚንቶ ስላለበት ከባድ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ጋ ደግሞ መኪናው ሳይቆም በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፣ ምን እንደማወራ ታውቃላችሁ።

ከመሰካቱ በፊት ከጀርባ ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች ፍቱ፣ ብዙ ጊዜ ሶስት ወይ አራት ናቸው። ሳይፈቱ የሚያበራ ሰው አለ፣ ማሽኑ ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ ይራመዳል፣ ቶሎም ይበላሻል። እግሮቹን እያዞራችሁ በሊቬላ አስተካክሉ፣ ካጣችሁ ውሃ ያለበት ሃይላንድ አጋድማችሁ አረፋዋ መሃል እስክትቆም። መጀመሪያ ባዶውን በሙቅ ውሃ አዙሩት፣ ቱቦው ስር ደረቅ ሶፍት አድርጉ፣ ከረጠበ ማሰሪያውን አጥብቁ።

ብሎኖቹን አትጣሉ፣ ቤት ስትቀይሩ ተመልሰው ይታሰራሉ። የኛዎቹ በፌስታል ተጠቅልለው ማሽኑ ጀርባ በስኮች ተለጥፈዋል፣ እማዬ ቆሻሻ መስሏት ሁለቴ ልትጥለው ስትል ነው የደረስኩባት።