ለታብሌት የሚስማማና አደጋ የሌለው ታይፕ ሲ ቻርጀር እንዴት ይመረጣል?

ታይፕ ሲ የሚለው ስም የሚናገረው ስለ ጫፉ ቅርጽ ብቻ ነው። ሞላላው ጫፍ ታብሌቱ ውስጥ ስለገባ ቻርጀሩ ተስማማ ማለት አይደለም፤ በዚያው ጫፍ 5 ዋት የሚሰጥም፣ 100 ዋት የሚሰጥም አለ። ጎንደር ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ ካሉት የሞባይል ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ጋ ቆመው ሲያዩ ብዙዎቹ ነጭ ናቸው፣ ብዙዎቹም «ፋስት ቻርጀር» ይላሉ። አንዱ ከሌላው የሚለየው ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል በሰፈረው ጽሑፍ ነው። እሱን ማንበብ የቻለ ሰው ሥራውን አጋምሷል።

መጀመሪያ የታብሌቱን ፍላጎት ይወቁ

ከቤት ሳይወጡ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ታብሌቱ የሚናገረውን ገጽ ይክፈቱና የሞዴሉን ስም ይጻፉ። ከዚያ ያ ሞዴል ቢበዛ ስንት ዋት እንደሚቀበል ከአምራቹ ገጽ ላይ ይፈልጉ። ለምሳሌ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ የሚቀበለው እስከ 15 ዋት ነው፤ ታብ ኤስ9 እስከ 45 ዋት ይደርሳል፤ አፕል ከ10ኛው ትውልድ አይፓድ ጋር ይሸጠው የነበረው ቻርጀር ደግሞ 20 ዋት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር አለ፦ «ዋቱ ከበዛ ባትሪውን ያቃጥለዋል» ይባላል። በደንብ የተሠራ ቻርጀር አያቃጥልም። ምን ያህል ኃይል እንደሚሳብ የሚወስነው ታብሌቱ ነው። 65 ዋት ቻርጀር ላይ 15 ዋት የሚቀበል ታብሌት ቢሰኩ 15 ዋቱን ብቻ ይወስዳል። ጉዳቱ ላልተጠቀሙበት አቅም ገንዘብ መክፈልዎ ነው።

ዋቱ ካነሰስ? የታብ ኤ9 ፕላስ ባትሪ 7040 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ይህም ወደ 27 ዋት ሰዓት ይጠጋል። የድሮ ስልክ 5 ዋት ቻርጀር ከተጠቀሙ በመንገድ የሚባክነው ሲደመርበት ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ እያጠናበት ወይም ቪዲዮ እያየበት ከሆነ ደግሞ መቶኛው ጭራሹን ላይጨምር ይችላል። በ15 ዋት ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ

ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ያገላብጡ። ሁለት መስመር ይፈልጉ፦ ኢንፑት (INPUT፣ የሚገባው) እና አውትፑት (OUTPUT፣ የሚወጣው)።

ኢንፑቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ማለት አለበት። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ነገር ግን ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል። ሰፊ ክልል የተጻፈበት ቻርጀር ይህን ይችለዋል፤ 220 ብቻ የሚል ግን ሊቸገር ይችላል።

አውትፑቱ ላይ ብዙ ጊዜ «5 ቮልት 3 አምፔር፣ 9 ቮልት 2.22 አምፔር» የሚል ዓይነት ያገኛሉ። ቮልቱን በአምፔሩ ያባዙ። 5 በ3 ሲባዛ 15 ዋት፣ 9 በ2.22 ሲባዛ 20 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ይህ 20 ዋት ቻርጀር ነው። ካርቶኑ በትልቁ 65 ዋት ብሎ ዕቃው ላይ ያለው ግን 5 ቮልት 2 አምፔር ብቻ ከሆነ የያዙት 10 ዋት ቻርጀር ነው። እንዲህ ካርቶኑና ዕቃው ሲጣሉ ዕቃውን ይመልሱት፤ ስለ አቅሙ የዋሸ አምራች ስለ ውስጡ እውነት ይናገራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ቀጥሎ ፒዲ (PD) የሚለውን ይፈልጉ። ፓወር ዴሊቨሪ ማለት ነው፤ ቻርጀሩና ታብሌቱ በገመዱ ተነጋግረው በስንት ቮልት እንደሚሠሩ የሚስማሙበት የጋራ ቋንቋ ነው። ሳይስማሙ ቻርጀሩ ከ5 ቮልት አያልፍም፤ ደኅንነቱም ከዚህ ይመነጫል። ከፍ ያለ ዋት የሚቀበሉት የሳምሰንግ ታብሌቶች ከፒዲ በተጨማሪ ቮልቱን በትንንሽ ደረጃ የሚያስተካክለውን፣ ፒፒኤስ (PPS) የሚባለውን ይፈልጋሉ፤ አውትፑቱ ላይ ከ3.3 ጀምሮ እስከ 11፣ 16 ወይም 21 ቮልት የሚል መስመር ካለ እሱ ነው።

የራሱ ስልክ ካልሆነ ፍጥነቱን የማይሰጥ ቻርጀርም አለ። ሁዋዌና ኦፖ ከመሳሰሉት ስልኮች ጋር ከሚመጡት ትልልቅ ቻርጀሮች ብዙዎቹ ሙሉ ዋታቸውን የሚሰጡት ለራሳቸው ቤተሰብ ነው፤ ሌላ ታብሌት ሲሰካባቸው ወደ 10 ዋት ይወርዳሉ። አይጎዱም፤ ግን 66 ዋት ገዛሁ ብለው በ10 ይቀራሉ።

የጎንደርን ከፍታ አይርሱ

ይህን የሚነግርዎት ሻጭ እምብዛም አያገኙም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቻርጀር ውስጥ 220 ቮልት ያለበትን ወገን እጃችን ከሚነካው ወገን የሚለየው በከፊል የአየር ክፍተት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ክፍተቱ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀት የማውጣት አቅሙም እንዲሁ። በዓለም አቀፉ አሠራር መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው 2,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍተቱ ሰፋ ማለት ይጠበቅበታል። አንዳንድ የቻይና ቻርጀሮች ላይ የተራራ ምስልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ከዚያ በታች ላለ ቦታ ብቻ የተሠራ ማለት ነው። 5000 ሜትር የሚል ካገኙ እሱን ይምረጡ። በእኛ ከፍታ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ደህና ቻርጀር ይቋቋመዋል። የሚያሰጋው ክፍተቱ ከመጀመሪያውም የጠበበው ፎርጅድ ነው።

እውነተኛውን ከፎርጅዱ መለየት

የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚለው የሲኢ (CE) ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ሁለት አራት ማዕዘን ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ ይህም ቢሆን የሚታመነው ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ነው። የአምራቹ ስምና የሞዴል ቁጥሩ መኖራቸውን፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ መታተሙንና የተሳሳተ ቃል አለመኖሩን ይዩ። ስፒናውን በጣትዎ ነቅነቅ ያድርጉት፤ መወዛወዝ የለበትም። በመገጣጠሚያው መስመር ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይተዉት። ነቅነቅ ሲደረግ የሚንኳኳውንና እንደ ባዶ ዕቃ የሚቀለውንም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በደህና ቻርጀር ውስጥ በሁለቱ ወገኖች መካከል አንዲት ልዩ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል) አለች፤ ስትበላሽ ኤሌክትሪክ እንዳታሳልፍ ተደርጋ የተሠራች ናት። ፎርጅዱ ውስጥ በቦታዋ ተራ ካፓሲተር ይገባል። እሱ ሲበላሽ 220 ቮልቱ በገመዱ በኩል ታብሌቱ ላይና ታብሌቱን በያዘው ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ስፒናው የእኛን ሶኬት የሚገጥም ባለ ሁለት ክብ እግር ይሁን። ከዱባይ የሚመጣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ቻርጀር አስማሚ ይፈልጋል፤ ርካሽ አስማሚ ደግሞ ይላላል፣ ብልጭታ ይረጫል፣ ይግላል።

ገመዱ

ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ደህና ገመድ 3 አምፔር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ያሳልፋል። ለአብዛኛው ታብሌት ይበቃል። 45 ዋት የሚቀበል ሳምሰንግ ካለዎት ግን ዋቱን የሚያገኘው ዝቅ ባለ ቮልት ከ3 አምፔር በላይ በመሳብ ስለሆነ 5 አምፔር የተጻፈበትን ይግዙ። ከ2 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ገመድ ኃይል ያባክናል።

ከሰፊው የድሮ ጫፍ (ዩኤስቢ ኤ) ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ገመድ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ክፍል) መኖር አለበት። አንዳንድ ርካሽ ገመድ ውስጥ 10 ኪሎ ኦም ይገባል፤ ያን ጊዜ ታብሌቱ ቻርጀሩ 3 አምፔር የሚችል መስሎት አብዝቶ ይስባል፣ 1 አምፔር ብቻ የሚችለው ቻርጀርም ይግላል። ከውጭ ስለማይታይ የታወቀ አምራች ገመድ መግዛት ነው መፍትሔው።

ሳይከፍሉ ይሞክሩ

ታብሌቱን ከ50 በመቶ በታች አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ሲሞላ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ ሙከራው ያሳስታል። «ወንድሜ፣ በራሴ ታብሌት ልሞክረው» ማለት ነውር የለውም። ሲሰካ ስክሪኑ ላይ ፈጣን ቻርጅ መጀመሩን ይጻፋል፣ ወይም የሚቀረውን ሰዓት ያሳያል። ስክሪኑን ይንኩ፦ ባልነኩበት ቦታ የሚከፍት፣ ጽሑፍ ሲጽፉ ፊደል የሚዘል ከሆነ ቻርጀሩ የሚያወጣው ኃይል ንጹሕ አይደለም። ደረሰኝና የመመለሻ ቀን ይጠይቁ።

ቤት ሲደርሱ ለግማሽ ሰዓት አጠገቡ ይሁኑ። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስይዝ ሙቀት፣ የላስቲክ ሽታ ወይም የሚጮህ ድምፅ ካለ ከሶኬቱ ይንቀሉት። የብረት ጀርባ ያለውን ታብሌት በጣት ሲዳስሱ የሚሰማ ስስ ንዝረት በባለ ሁለት እግር ቻርጀር ላይ ያጋጥማል፤ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ያ ቻርጀር ዳግመኛ አይሰካ።

አዲሱ ቻርጀር በሁለት ወገን ታይፕ ሲ ገመድ ጭራሽ እንቢ ካለ ለመመለስ አይቸኩሉ። አንዳንድ ርካሽ የልጆች ታብሌቶች ውስጥ ቻርጀሩን «እዚህ አለሁ» የሚሉት ሁለት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሳይገቡ ይቀራሉ። ቻርጀሩ ታብሌት መሰካቱን ስለማያውቅ ኃይል አይለቅም። ሰፊ ጫፍ ባለው ቻርጀርና ገመድ ሲሞከር ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ብርድ ልብስ ሥር፣ ትራስ ሥር አያስቀምጡት። ከምድጃና ከምጣድ ጋርም አንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። ጫፉ ታብሌቱ ውስጥ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ከመወንጀል በፊት ታብሌቱን ያጥፉና ቀዳዳውን በመብራት ይዩ፤ የተጠቀጠቀ ብናኝ ከሆነ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ በመርፌ ግን አይሞከርም።