ከግዙፉ ስክሪን ፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ቨርጂኒያ እኛ ዘንድ የሰነበተች ጊዜ፣ እዚህ አካባቢ ካሉት፣ አይማክስ ከሚባሉት ግዙፍ የሲኒማ ስክሪኖች ወደ አንዱ ወሰድኳት። ፊልሙ ስለ ውቅያኖስ የሚያወራ ዶክመንተሪ ነበር። በአንድ ከሰዓት ሊሠራ የሚችለውን ስህተት ሁሉ ሠራን። ምሳ አብዝተን በላን። ዘግይተን ደረስን። ከፊት ተቀመጥን። እኔ ደግሞ ተራኪው የሚናገረውን ሁሉ በጆሮዋ ካልተረጎምኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲያልቅ አንገቷን እያሸች «ጥሩ ነው፤ ግን ምን እንዳየሁ አላውቅም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኛ። ስህተቶቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ይህን ስክሪን እንደ ትልቅ ቴሌቪዥን እንቆጥረዋለን። እሱ ግን የተሠራው ጠርዙ ከዓይናችን እንዲጠፋ ነው። ምስሉን ፊት ለፊት እያየን ሳይሆን ውስጡ ገብተን እንድንቀመጥ ነው የተፈለገው።

ነገሩን የጀመሩት አራት ካናዳውያን ናቸው፦ ግሬም ፈርጉሰን፣ ሮማን ክሮይተር፣ ሮበርት ከርና ዊልያም ሾው። በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኤክስፖ፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ብዙ ፕሮጀክተር ደርድሮ ብዙ ስክሪን ላይ ማሳየት ፋሽን ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ ማሽን እኩል ማስኬድ ግን ራስ የሚያዞር ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አንድ ኃይለኛ ፕሮጀክተር አይበቃም? በ1970 ጃፓን፣ ኦሳካ ላይ የመጀመሪያ ፊልማቸው ታየ። በ1971 ቶሮንቶ ላይ የመጀመሪያው ቋሚ አይማክስ ሲኒማ ቤት ተከፈተ።

በስሙ መታለል

በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው። በሩ ላይ «አይማክስ» ስለተባለ ብቻ ውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ይመስለናል። አይደለም።

ዋናው የፊልም ቅርጽ ወደ ላይ የረዘመ ነው። ከፍታው 1 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 1.43 ሜትር ይሆናል። በ2008 ኩባንያው በየገበያ ማዕከሉ ላሉ ሲኒማ ቤቶች ዲጂታል ፕሮጀክተር ማስገባት ሲጀምር የመጣው ቅርጽ ደግሞ 1.90 ነው፤ ማለትም ወደ ጎን የተዘረጋ። ለረጅሙ ስክሪን የተቀረጸ ምስል በዚህኛው ላይ ሙሉ ስፋቱን ይዞ ሲታይ ከቁመቱ ሩብ ያህሉ ይቀራል። የቀረው ደግሞ ሰማዩ ነው፤ ወይ የገደሉ ታች። የተራራ ፊልም ያለ ገደሉ ምን ይደረጋል?

ሁለት ስክሪን ላወዳድርላችሁ። ለንደን ያለው የብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ስክሪን 26 በ20 ሜትር ነው። በ2022 በጊነስ የዓለም ትልቁ አይማክስ ተብሎ የተመዘገበው ጀርመን ሊዮንበርግ ያለው ደግሞ 38.8 በ21 ሜትር ነው። የጀርመኑ በስፋት በጣም ይበልጣል፤ በቁመት ግን የሚለያዩት በአንድ ሜትር ነው። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ የስክሪኑን ስፋት ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም ጠይቁ። ለእንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚሻሉት ብዙውን ጊዜ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ናቸው። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው አንዱ ቻንቲሊ፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም፤ ፓርኪንጉና ሲኒማው ግን ያስከፍላሉ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ጉልላቱ። ስክሪኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከላይ ይደፋባችኋል፤ ምስሉ የሚወጣው «የዓሣ ዓይን» በሚባለው ሌንስ ነው። የመጀመሪያው ሳንዲዬጎ ላይ በ1973 ተከፈተ። ቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥም አለ። ጉልላት ላይ የቤትና የዛፍ መስመር ጎበጥ ብሎ ቢታያችሁ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ቀለሙም ከጠፍጣፋው ስክሪን ትንሽ የደበዘዘ ነው፤ ከአንዱ ጎን የወጣው ብርሃን ሌላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ።

ከፊት መቀመጥ

እኛ ልጆች ሆነን ሲኒማ ቤት ፊት መቀመጥ ክብር ነበር። እዚህ ቅጣት ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ዋናውን ነገር፣ ሰውየውን ወይም እንስሳውን፣ ከስክሪኑ መሐል ዝቅ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ላይኛው ክፍል በዓይናችን ዳርቻ እንዲሰማን እንጂ አንጋጠን እንድናየው አልተሠራም። ከፊት የተቀመጠ ሰው ግን አንጋጦ ያየዋል። አክስቴ አንገቷን ያሸችው ለዚህ ነው።

መጨረሻው ረድፍም አይሆንም። እዚያ ስትቀመጡ የስክሪኑ ጠርዝ አራቱም በኩል ይታያችኋል፤ ነገሩ ተመልሶ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሆናል። መሐል ለመሐል፣ ከግማሹ ትንሽ ወደ ኋላ ያዙ። ጉልላት ከሆነ ደግሞ ወደ ላይኞቹ ረድፎች፣ አሁንም መሐሉን። ባለ መነጽሩ ስሪ ዲ ፊልም ሲሆን ጥግ የተቀመጠ ሰው ከሁሉም ይበልጥ ይጎዳል።

አርፍዶ መድረስ

የሐበሻ ሰዓት እዚህ አይሠራም። እነዚህ ዶክመንተሪዎች ብዙውን ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ቡድን ገብቶ ሲወጣ ሌላው እንዲገባ ታስቦ የተለካ ነው። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው የፊልሙን ስምንተኛ አጥቷል። ደረጃው ደግሞ ቁልቁለት ነው። በጨለማ ትልቅ ሰው ይዞ እዚያ ደረጃ ላይ መንደፋደፍ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ።

ጠግቦ መግባት

ሄሊኮፕተሩ ገደል ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይናችሁ «እየወደቅን ነው» ይላል። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል ደግሞ «ኧረ ተቀምጠናል» ይላል። በሁለቱ ክርክር መሐል የሚቸገረው ሆድ ነው። በዚያን ቀን ክትፎ ነበር የበላነው። ዝርዝሩ ይቅር።

ቀለል ያለ ነገር በልታችሁ ግቡ። ባዶ ሆድም ጥሩ አይደለም። ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ወይ ፊታችሁ ያለው ወንበር ላይ አትኩሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስሪ ዲ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑን ማየቱን ሲቀጥል ነው። ያኔ ድርብ ምስል ይመጣበታል፤ ይብስበታል። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ትዕይንት የሚቆየው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ጨፍኖ እስከ አምስት መቁጠር ይበቃል።

መተርጎም

ይሄ የኔ ኃጢአት ነው። እነዚህ ፊልሞች ላይ ተራኪው ብዙ አያወራም። ምስሉም ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም፤ ይህን ያህል የሰፋ ምስል ላይ ዓይን ተዟዙሮ ለማየት ጊዜ ያስፈልገዋልና። ዝምታው ለእናንተ የተተወ ነው። እኔ ግን አክስቴ ግዙፉን ዓሣ ነባሪ እያየች «ይሄ ዓሣ ነባሪ ነው» እላት ነበር። ያላየችው ይመስል! ከመግባታችሁ በፊት ታሪኩን በአምስት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። የቀረውን እቤት፣ ቡና ላይ።

ካሜራውን መርሳት

አሁን እኔ በጣም የምወደው ክፍል መጣ። ብዙ ሰው «ቆንጆ ነው፤ ግን አጭር ነው» ብሎ ይወጣል። ምስሉ እንዴት እንደተገኘ ስለማያውቅ ነው።

በመደበኛው የአይማክስ ፊልም 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊልም በማሽኑ ውስጥ በአግድም ነው የሚሮጠው፤ አንዱ ምስል ጠርዙ ላይ 15 ቀዳዳ ይይዛል። ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ምስል አሥር እጥፍ ያህል ይሰፋል። ጥራቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በአንድ ሴኮንድ 1.7 ሜትር ፊልም ያልቃል። 300 ሜትር ጥቅል ሦስት ደቂቃ ብቻ ይቀርጻል። ከዚያ ቁም፣ ክፈት፣ አዲስ ጥቅል አስገባ። አንበሳው እስኪጨርሱ አይጠብቅም። ዛሬ ብዙዎቹ በዲጂታል ስለሚቀረጹ ይሄ ጣጣ ቀሏል። የቆዩትን ስታዩ ግን አስታውሱት።

ኤቨረስትን አስቡ። በ1996 ዴቪድ ብሪሸርስ የተባለ ካሜራማንና ተራራ ወጪ ካሜራውን ተሸክሞ ጫፍ ድረስ ለመውጣት ተነሣ። ማሽኑ ለዚሁ ተብሎ ተቀንሶ ተሠርቶ እንኳን 19 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። 150 ሜትር የፊልም ጥቅል ይዟል፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ በሌሎች ቡድኖች ላይ ማዕበል ወርዶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። የፊልሙ ሰዎች ከታች ነበሩ። ለራሳቸው ብለው ላይ ያከማቹትን ኦክስጅን ለተረፉት ፈቀዱ፤ በነፍስ አድኑም ተሳተፉ። ከዚያ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 23፣ ጫፉ ላይ ደርሰው ቀረጹ። ያ ፊልም በ1998 ሲወጣ ሰው ሲኒማ ቤት ተሰልፎ አየው። ያን ከሰማሁ በኋላ «አጭር ነው» ማለት አፍሬ ትቻለሁ።

የኛም ወንዝ አለበት። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ጥቁር ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ተከትለው ወረዱ። 114 ቀን ፈጀባቸው፤ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ። ግዙፉ ካሜራም አብሯቸው ነበር፤ ፊልሙ በ2005 ወጣ። ብዙዎቻችን ዓባይን የምናውቀው ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር፣ ከድልድዩ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሸለቆውን ከውኃው ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ያለው ስህተት ጉዞውን ሙሉውን እንዳያችሁት ማሰብ ነው። 114 ቀን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ገብቷል። አብዛኛው ጉዞ ከፊልሙ ውጭ ቀርቷል፤ በጣም አስፈሪው ማዕበል ላይ ደግሞ ማንም ሰው ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ ጥቅል አይቀይርም።

የምትሰሙትን ሁሉ ማመን

ካሜራው ራሱ ጫጫታ ነው። በዚያ ላይ እንስሳው የሚቀረጸው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ነው፤ ማይክ ያን ያህል አይደርስም። ስለዚህ የእግሩ ኮቴ፣ የውኃው ጠብታ፣ የክንፉ ድምፅ አብዛኛው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። እሱ አያስከፋኝም። ዝም ያለ ዓሣ ነባሪ ማን ያያል?

የሚከፋው ሌላ ነው። ክሪስ ፓልመር የተባለ አንጋፋ የዚህ ዘርፍ ፕሮዲዩሰር በ2010 ባወጣው መጽሐፍ የራሱን ጉድ ተናዘዘ። ስለ ተኩላ በሠሩት ፊልም ላይ የታዩት ተኩላዎች ሰው የሚያረባቸው፣ ተከራይተው የመጡ ነበሩ። ስለ ዓሣ ነባሪ በሠሩት ሌላ ፊልም ደግሞ ከሃዋይ እስከ አላስካ የተጓዙ እናትና ልጅ ተብለው የታዩት አንድ እናትና ልጅ አልነበሩም፤ ሁለቱ ቦታ ላይ የተቀረጹት የተለያዩ ናቸው። ሰውየው በማመኑ አከብረዋለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንስሳ በስም ሲጠራና ከአገር አገር ሲከተሉት ሳይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲያልፉ አትነሡ፤ እንስሳቱ ከየት እንደመጡ አንዳንዴ እዚያ ይጻፋል። ያን ቁልቁለት ደረጃም መብራት ሲበራ መውረድ ይሻላል።

አክስቴ ወደ አገር ቤት ከመመለሷ በፊት ያንኑ ፊልም ደግመን አየነው። መሐል ተቀመጥን። ሾርባ ነበር የበላነው። አፌን ዘጋሁ። ስንወጣ ስለ ድምፁ ነገርኳት፤ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚጨመር። ትንሽ አሰበች።

«ውኃውስ?» አለችኝ።

«ውኃው እውነተኛ ነው።»

«እሱማ፣ እግሬን አርጥቦኛል» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መኪናው ሄደች።